ከመድን ደብተሩ ስላወጣሁት ስምሽ

ሸሕዲ
ሰኔ 2017 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ማዕረግ፣

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። ስምሽን ከጤና መድን ደብተራችን ላይ አውጥቻለሁ። ይህን ከሌላ ሰው አፍ እንድትሰሚው አልፈለግሁም። እስከ መጨረሻው ሳታነቢ ግን አትቀየሚኝ። ተማሪዎቼን «ጥያቄውን ሙሉ ሳታነቡ መልስ አትጻፉ» እያልሁ ነው ያረጀሁት፤ ካንቺም የምለምነው ያንኑ ነው።

ደብዳቤው የት እንደሚያገኝሽ አላውቅም። እንደ ወትሮው ለሽኩር እሰጠዋለሁ። ከበራችን ፊት ለፊት ያለውን ባለሱቅ ሽኩርን መቼም አትረሺውም፤ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ከረሜላ በጆሮሽ ውስጥ አገኘሁ እያለ የሚያስቅሽ ነበር። አሁን ጢሙ ነጥቷል። ዕቃ የሚያመላልሱለት ሰዎች ድንበሩን ተሻግረው ገዳሪፍ ሲዘልቁ የምጽፍልሽን ይዘው ሄደው የእኛ ሰዎች በሚሰበሰቡበት አንድ ሻይ ቤት ያኖሩታል። እስካሁን አንዱም ደብዳቤ ተመልሶ አልመጣም። ሽኩር «ካልተመለሰ ደርሷል ማለት ነው ጋሼ» ይለኛል። የነጋዴ ሒሳብ ነው፤ እኔም አልሞግተውም።

ካርቱም ላይ ተኩስ በተጀመረ ሰሞን ደውለሽ «አባዬ፣ ወደ መደኒ እየወጣን ነው፤ ስደርስ እደውላለሁ» ብለሽኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ድምፅሽን አልሰማሁም። ያኔ ከወዲያ የሚሸሸው ሰው በመተማ ዮሐንስ በኩል ሲገባ እኔም ወርጄ መንገዱ ዳር እቀመጥ ነበር። ፍራሽ የተሸከመ፣ ልጅ ያዘለ፣ ባዶ እጁን የመጣ፣ የሁሉንም ፊት አንድ በአንድ አየሁ። የሚመጣው ሰው እየሳሳ ሲሄድ አንድ ፖሊስ «አባት፣ እዚህ ፀሐዩ ይገድልዎታል፤ ሲመጡ ቤትዎን ያውቁታል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ቤትሽን ታውቂዋለሽ። ተመለስሁ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ባለፈው መስከረም የጓሮዋን ክፍል፣ አንቺ ታጠኚባት የነበረችውን፣ አከራየኋት። ለኪራዩ ብዬ አይደለም። ከግድግዳው ወዲያ የሰው ሳል መስማት ፈልጌ ነው። ተከራዮቹ ምንይችልና ሰርካለም የሚባሉ ባልና ሚስት ናቸው፤ ከወሎ ለሰሊጥ አጨዳ የወረዱ። አጨዳው ሲያልቅ እሱ አብደራፊ የማሽላ ሥራ አለ፣ ትራክተርም እለምድ ይሆናል ብሎ ሄደ። እሷ ነፍሰ ጡር ስለነበረች ቀረች። እስከ ገና ድረስ ይደውል ነበር። ከዚያ ስልኩ ዝም አለ።

እንግዲህ በአንድ ግቢ ሁለት ሰዎች ስልክ ስንጠብቅ ከረምን፤ እኔ ከፊት ለፊት፣ እሷ ከጓሮ። የሽኩር ስልክ ሲጮህ እንኳ ሁለታችንም ቀና እንል ነበር። ስለ ባሏ አልጠይቃትም፤ እሷም ስላንቺ አትጠይቀኝም። ማታ ማታ የሠራችውን ወጥ በሳህን ታመጣልኛለች፤ ሳህኑን አጥቤ ደጃፏ ላይ አኖረዋለሁ። ንግግራችን ይኸው ነበር።

መጋቢት ላይ ጎረቤታችን አሰበች እየጎተተች ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። አሰበችን ታውቂያታለሽ፣ አንዴ ከያዘች አትለቅም። አዋላጇ ስትመረምራት ሆዷ ላይ የቀዶ ጥገና ጠባሳ አገኘች። ሰርካለም አገሯ ሳለች የመጀመሪያ ልጇን በቀዶ ጥገና ተገላግላ፣ ልጁ ሳያለቅስ ቀርቶባት ኖሯል። ለእኛ አልነገረችንም። አዋላጇ ቁርጡን ተናገረች፤ «ይቺ ልጅ እዚህ አትወልድም። ምጥ ሳይዛት ጎንደር መግባት አለባት። ምጡ እዚህ ከጀመራት ጠባሳው ሊተረተር ይችላል፤ ያኔ እናቲቱንም ልጁንም እናጣለን።»

እኔም ሰርካለምን ጠርቼ እንደ ተማሪ አስቀመጥኋትና መውለጃው በመንግሥት በነፃ መሆኑን አስረዳሁ። ፈገግ አለች።

«ጋሼ፣ መውለጃውማ ነፃ ነው» አለች። «የምርመራው መስኮት አለ። የመድኃኒቱ መስኮት አለ። ከግቢ ውጭ ካለው ፋርማሲ ግዙ የሚሉት አለ። ያን ጊዜ ባሌ በሬ ሸጦ ነው ከዚያ ያስወጣኝ። አሁን በሬ የለን። እዚሁ አንገረቤ ላይ እወልዳለሁ፤ እናቴም ገመድ አልጋ ላይ ነው የወለደችኝ። አብሽሩ።»

አብሽሩ የምትለው ሲጨንቃት እንደሆነ ያን ጊዜ አውቄው ነበር።

ጡረታዬን ታውቂዋለሽ፤ ለመሳፈሪያና ለስንቅ ይበቃል፣ ከዚያ አያልፍም። ያለኝ ሌላ ነገር የመድኑ ደብተር ነበር። መድን ለእንዲህ ያለው ቀን ነው የተበጀው። ምዝገባው የሚከፈተው ግን ገበሬው ሰሊጡን በሸጠ ማግስት፣ በጥር ነው። ያን ጊዜ እንደ ምንይችል ያሉት የቀን ሠራተኞች ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ሲዞሩ ነው። በድምፅ ማጉያ የሚነገረውን የሚሰማው ቤት ያለው ሰው ነው። ሰርካለም በዚያ ጥር እዚሁ ግቢ ብትሆንም ለቀን ሠራተኛ ይሆናል ብላ አላሰበችም፤ እኔም ሳልነግራት ጊዜው አለፈ።

ቢሮ ሄድሁ። የመድኑ ሠራተኛ ደረበ ነው፤ ካንቺ አንድ ክፍል ይቀድም የነበረው፣ ረጅሙ።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ። ምነው፣ ደብተር ጠፋብዎ?»

«ደብተር ጠፍቶብኝ ያውቃል?»

«ኧረ የምናጠፋስ እኛ ነበርን። እርስዎማ ተንበርክከን እስክናገኘው አይለቁንም ነበር» ብሎ ሳቀ።

ነገሩን በቅደም ተከተል አስረዳሁት። ሳቁን ተወ።

«አዲስ አባል ከየካቲት ወዲህ አይገባም ጋሼ፤ በሚቀጥለው ጥር ነው። ለነባር አባል የቤተሰብ ለውጥ ብቻ ነው ክፍት ያለው። ሚስት ያገባ፣ ልጅ የተወለደለት፣ የሰው ልጅ ወስዶ ልጁ ያደረገ።»

«የሰው ልጅ መውሰዱ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«በፍርድ ቤት ከሆነ? እሷ የያዘችው ልጅ ተወልዶ አድጎ እኔን ከዚህ ወንበር ያስነሣኛል።»

ከዚያ ተነሥቶ በሩን ገፋ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ማዕረግ እኮ ደብተርዎ ላይ አለች» አለኝ። «ዕድሜያቸው አይራራቅም። ፎቶዋ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ጎንደር ያለ ሰው የማንን ፊት ያውቃል? ደብተሩን ይስጧት። ማዕረግ ነኝ ትበልና ትገላገል። እኔ አልሰማሁም፣ እርስዎም አልነገሩኝም።»

ክፋት አልነበረበትም።  በዓይነ ኅሊናዬ አንዲት ነርስ በር ላይ ቆማ «ማዕረግ አዛናው!» ብላ ስትጣራ፣ አንዲት ሴትም «አቤት» ስትል ሰማሁ። ያንቺ ስም ተጠርቶ «አቤት» ሲባል መስማት ምን ያህል እንደናፈቀኝ ለደረበ አልነገርሁትም። ላንቺ ግን እነግርሻለሁ።

«አይሆንም» አልሁት። ምክንያቴንም ዘረዘርሁለት። ሐኪም ቢላ የሚያነሣው በሰው ገላ ላይ ነው። በማዕረግ ስም የገባች ሴት የቀድሞ ቀዶ ጥገና የላትም፣ የሞተ ልጅ የላትም፤ ለሐኪሙ እውነቱን ከተናገረች ደብተሩ ይያዝባታል፣ ከደበቀች ራሷን ትጎዳለች። የምትወልደውም ልጅ ያንቺ ተብሎ ይጻፋል። ደግሞም አያድርገውና እዚያ ብትሞት፣ ሞተች ተብሎ ማኅተም የሚመታበት የማን ስም ነው?  ደረበም አቀርቅሮ «ይቅርታ ጋሼ» አለ።

የሄድሁበትን ለሰርካለም መንገር ነበረብኝ፤ ነገርኋት። ደረበ ያለውንም፣ እኔ የመለስሁትንም አልሸሸግሁም። እንደምትረዳኝ አስቤ ነበር። እሷ ግን ከተቀመጠችበት በርጩማ ግድግዳውን ይዛ ተነሣች።

«ስሟን ልዋስ እኮ ነው ጋሼ። ስወልድ እመልሳለሁ።»

«ስም አይዋሱም፣ ልጄ።»

«ልጄ አይበሉኝ! አንቱ የእርስዎን ልጅ ስም ሲጠብቁ እኔ የእኔን ላጣ?» አለችና በሩን ዘጋችው። የዚያን ቀን ማታ ሳህን አልመጣም።

አሰበች በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ ሁሉን ሰምታ ኖሯል።

«መምህር፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ልጅቷ ራት ካልበላች እርስዎም ጦምዎን ያድራሉ። ስታቃስት ከእንቅልፍዎ ተነሥተው በሯ ላይ ይቆማሉ፤ አይቼዎታለሁ። ልጄ አይደለችም ካሉ፣ ምንዎ ናት? ተከራይ?»

«ምኔም ብትሆን መድኑ አያውቃትም።»

«መድኑን ማን ጠየቀው፤ አንቱን ነው የጠየቅሁ» ብላ ወረደች።

 በማግስቱ በጠዋት ግቢውን እየጠረግሁ ጥያቄዋ አልለቅ ሲለኝ አያቴ ትዝ አሉኝ። ካሁን ቀደም ነግሬሽ እንደሆነ አላውቅም። አያቴ ከደጋ ወደዚህ ቆላ የወረዱት ብቻቸውን ነበር። ወባ ቢጥላቸው ውኃ የሚያቀብል፣ ቢሞቱ የሚቀብር ዘመድ ስላልነበራቸው ከአንድ አርማጭሆ ሰው ጋር ጡት ተጣቡ። ሰውየው አውራ ጣታቸውን ማር ነክረው እንደ ጡት አጠቧቸው፤ ከዚያ ወዲያ አባትና ልጅ ሆኑ። እኔ ልጅ ሳለሁ የእኒያን ሰው መቃብር በየዓመቱ የምናጸዳው እኛ ነበርን። የሥጋ ዘመድ እንዳልሆኑ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

መጥረጊያውን ጥዬ ወደ ደረበ ሄድሁ። «በአገር ወግ ልጄ ብትሆን፣ በሽማግሌና በእድር ቢመሰከር፣ ቀበሌውም ቢያጸድቀው?» አልሁት። እሱም ወደ ወረዳ ደወለ። ብዙ ጠበቅን። በመጨረሻ ኃላፊው፣ ከአባወራው ጋር በአንድ ቤት የምትኖር ከሆነችና ምስክሮች ከፈረሙ በቤተሰብ ለውጥ ትግባ፣ ነገር ግን ጉዳዩ ያልተለመደ ስለሆነ አጣሪ ቤት ድረስ ይመጣል አሉ። ደረበ ስልኩን ዘግቶ፣ «ገጹ ላይ ያለው ሁሉ እውነት መሆን አለበት ጋሼ። አንድ መስመር ሐሰት ከተገኘ ሙሉው ገጽ ነው የሚሰረዘው» አለኝ። እኔም ገባኝ። ያንጊዜውኑ ያሰብሁት ያንቺን መስመር ነው። ቢሆንም አንድ ነገር በአንድ ጊዜ።

ለሰርካለም ይህንኑ ነገርኋት። ከዚያ ሳቅ አመለጣት።

«ጡት? ከአንቱ?»

«ከአውራ ጣት ነው።»

ሳቋን ስትጨርስ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «በኛም አገር አለ ጋሼ። ግን ጨዋታ አይደለም። ለወረቀቱ ብለው ከሆነ ይቅርብኝ፤ መሐላ በልቼ አልወልድም። ለእውነት ነው?»

«ለእውነት ነው።»

«ከወለድሁ በኋላም?»

«ከወለድሽ በኋላም።»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ራኩባው ሥር ተሰበሰብን፤ በረንዳው ፊት ለፊት በሸንበቆ የሠራሁት ዳስ ነው፣ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው የሠራሁት። የእድራችን ዳኛ መጡ፤ አሰበች ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት ተቀመጠች፤ ሽኩር ከሱቁ የቋራ ማር በብርጭቆ ይዞ መጣ። የሚያዝያ ሐሩር እንዴት እንደሆነ አልነግርሽም። ማሩ ቀልጦ ውኃ ሆኗል። አውራ ጣቴን ብነክር በእጄ ወርዶ እጅጌዬ ውስጥ ገባ።

«ቶሎ በይ እንጂ፣ አባትሽ የጉንዳን ሲሳይ ሊሆን ነው!» አለች አሰበች።

ዳኛው «ዝም በይ አንቺ» ብለው ጉሮሯቸውን ጠራረጉና፣ «አዛናው፣ የሚያማት እንዲያምህ፤ ሰርካለም፣ የሚደክመው እንዲደክምሽ። ከዛሬ ወዲያ የለኝም አትባባሉ» አሉ። ሰርካለም በዚያ በከበደ ሰውነቷ መንበርከክ ስላልቻለች እኔ ጎንበስ አልሁላት። ጣቴን ስትስም እንባዋ እጄ ላይ ወረደ። እኔ ጡረታ የወጣ ሰው ነኝ፤ ሰው ፊት አላለቅስም። ወደ ጣራው አየሁ።

«እኔም ይጻፍልኝ» አለ ሽኩር። «ማሩ የኔ ነው፤ ያለ ማር ልጅ የለም።»

ወደ ክፍሏ ስንመለስ፣ «እንግዲህ ምን ልበልዎ?» ብላ ጠየቀችኝ። «አባ በይኝ» አልኋት። አባዬ የሚለው ያንቺ ስለሆነ አልሰጠኋትም።

በማግስቱ ከዳኛውና ከቀበሌው ወረቀት ይዘን ቢሮ ገባን። ደረበ የቤተሰቡን ገጽ ዘርግቶ መጻፍ ጀመረ። ራስጌው ላይ «ከዚህ በታች ስማቸው የተጻፈው በሙሉ በዚህ ቤት ይኖራሉ» ይላል። የኔን ስም ጻፈ፤ የሰርካለምን ጻፈ። ከዚያ እስክሪብቶውን አነሣና ሳያየኝ፣ «ማዕረግ… ትቀጥል?» አለ።

በየዓመቱ ደብተሩ ሲታደስ ይህንኑ ይጠይቀኛል። «ትቀጥል» እለዋለሁ፤ ቀና ሳይል ይጽፋል። ደግነቱ ነበር፣ የኔም መጽናኛ። አንቺ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ታመሽ ብትደርሺ፣ ደክመሽ ብትደርሺ፣ ያለ ጥያቄ የምትታከሚበት መስመር ይኑርሽ ብዬ ነው ስከፍል የኖርሁት። ሰው ሞታለች ቢለኝ አልሰማም፣ ሕያው ናት ቢለኝ ማስረጃ የለኝም። ያ መስመር ብቻ ነበር የኔ መልስ።

አሁን ግን አጣሪው ይመጣል። «ማዕረግ የትኛዋ ናት?» ብሎ ይጠይቃል። ምን እላለሁ? ወደ ጎን አየሁ። ሰርካለም ሁለት እጆቿን ሆዷ ላይ አድርጋ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። የተሰበሰብነው ለእውነት ነው ያልኋት እኔ ነኝ።

«አትቀጥልም» አልሁ። «በዚህ ቤት አትኖርም።»

ይህን ቃል ከአፌ ሳወጣ የመጀመሪያዬ ነው፣ ማዕረግ። ለራሴም ብዬው አላውቅም ነበር።

ደረበ የድሮውን ገጽ ስቦ ስምሽን በቀይ ሊሰርዝ ሲል እጁን ያዝሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ቀይ እስክሪብቶ የያዝሁ ሰው ነኝ፤ በስምሽ ላይ ግን ማየት አልቻልሁም። «በአዲስ ገጽ ገልብጠው» አልሁት። አዲስ ገጽ አወጣ፤ ለኔና ለሰርካለም ብቻ ገለበጠ። ፈረምሁ። አጣሪው መጣ፣ አየ፣ አሰበችን ጠየቀ፤ አሰበችም ከጠየቃት በላይ ነገረችው። ሄደ። ደብተሩ ጸደቀ፤ ጤና ጣቢያውም ወደ ጎንደር ጻፈልን።

መንገዱ ክፍት ነው በተባለ በመጀመሪያው ቀን በሚኒባስ ወጣን። ሆስፒታሉ በየመስኮቱ ደብተሩን እያየ አሳለፈን። አንዲት ወጣት፣ «አባት፣ ምኗ ነዎት?» ብትለኝ «አባቷ» አልሁ። ሐኪሙን ስለ ጠባሳዋም ስለ ልጇም በራሷ ስም፣ በራሷ አፍ ነገረችው። እሱም «ደግ አደረግሽ፤ ይህን ባላውቅ ኖሮ ሌላ ነበር የማስበው» አላት።

ግንቦት ሲጋመስ በቀዶ ጥገና ሴት ልጅ ተገላገለች። ሰርካለም ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው «አለቀሰች?» ብላ ነው።

«ኮሪደሩን በጩኸት አናወጠችው» አልኋት።

«አልሰማኋትም።»

«እኔ ሰምቻለሁ።» ያን ጊዜ አመነችኝና መልሳ ተኛች።

በሦስተኛው ቀን «አባ፣ ማዕረግ ልበላት?» አለችኝ። ውለታ መመለሷ ነበር፤ ለካ ልትዋሰው የነበረውን ስም ልትሰጠኝ ፈልጋ ነው። «አይሆንም» አልኋት። «ያ ስም ባለቤት አለው።» አልተከፋችም። ልጅቷን ጥሩአየሁ አለቻት።

ስንመለስ ግቢው የሕፃን ልቅሶ አገኘ። ቀን ሐሩሩ ሲያነጫንጫት ራኩባው ሥር ይዣት እዞር ነበር። አንቺንም እንደዚያው ነበር የማዞርሽ፤ ያኔ እናትሽ በሕይወት ነበረች፣ እንደ ጎተራ ጠባቂ ትመላለሳለህ እያለች ትስቅብኝ ነበር። ከሞተች ወዲህ በዚህ ግቢ ማንም በአረማመዴ አልሳቀም፤ ሰርካለም ሳቀች።

ምንይችል ሰኔ በገባ በሳምንቱ መጣ። ከወዲያ ማዶ እርሻ ገብቶ፣ ስልኩንም ልብሱንም ተቀምቶ፣ በወባ ተኝቶ ኖሯል። ከስቶ ከበሩ ላይ ቆሞ አልገባም አለ፤ አፍሮ። ሰርካለም ልጅቱን ታቅፋ ወጥታ ሰጠችው። እሱ ሲያለቅስ እኔ ወደ ጓዳ ገባሁ። የጠበቀችው መጣላት። ደስ ብሎኛል፤ እውነቴን ነው። ግን በዚያ ሰዓት ጓዳ ውስጥ ብቻዬን ለረጅም ጊዜ ቆሜ ነበር።

ምንይችል አብደራፊ ከዘር ወቅት ጀምሮ ቋሚ ሥራ አግኝቷል፤ ቤትም ሰጥተውታል። ሰርካለም አብራው ስትሄድ የመድኑን ነገር አስረዳኋት። ዓመቱ የተከፈለበት ስለሆነ እስከ ጥር በዚህ ደብተር ትታከማለች። በጥር ግን በዚህ ቤት ስለማትኖር ከገጼ አወጣታለሁ፤ እሷም ማሳ ለማሳ ሳትዞር ከባሏ ጋር እዚያው በጊዜ ትመዝገብ።

«ከገጹ ያውጡኝ» አለች። «ማሩን ግን መልሼ አልተፋም፣ አባ።»

መናኸሪያው ላይ ሚኒባሱ ሲነሣ በመስኮቱ አጎንብሼ ያልኋት የመጨረሻ ቃል «ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልይው፤ ክረምት ነው» የሚል ነው። መኪናው ከዞረ በኋላ ቆሜ ቀረሁ። ላንቺም ያልሁሽ ይህንኑ ነበር። እዚያው መናኸሪያ፣ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወርደው መኪና መስኮት፣ «ፓስፖርትሽን በላስቲክ ጠቅልይው።» አንቺም «እሺ አባዬ» ብለሽ ፈገግ አልሽ። ልልሽ የፈለግሁት አትሂጂ ነበር። በሰባት ቋንቋ ባውቀው እንኳ የማይወጣኝ ቃል ነው።

አሁን የጓሮዋ ክፍል ባዶ ናት። ለሌላ ሰው አላከራየኋትም፤ ጠርጌ፣ አንገረቡን በአዲስ ገመድ ወጥሬዋለሁ። ከጎኔ ሳል የለም። ዝናቡ ጀምሯል፤ ትራክተሮቹ እየተግተለተሉ ወደ እርሻ ይወጣሉ። የሽኩር ስልክ ሲጮህ ዛሬም ቀና እላለሁ፤ አሁን ግን ቀና የምለው ብቻዬን ነው።

ደብዳቤውን እስከዚህ ካነበብሽ የሚቀጥለውን በጥንቃቄ አንብቢ። ደረበን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ከውጭ አገር ወደ ቤቱ የተመለሰ ልጅ የቤተሰብ ለውጥ ነው፤ ጥርን መጠበቅ የለበትም፣ በማንኛውም ቀን ይገባል። አዲሱ ገጽ ላይ ከስሜ በታች ቦታ አለ። በአካል መቅረብ ግን ግዴታ ነው፤ እኔ ብቻዬን ሄጄ ላስጽፍሽ ከእንግዲህ አልችልም። ሁለት ጉርድ ፎቶ ያስፈልጋል። ፎቶው የቅርብ ጊዜ መሆን አለበት፤ እኔ ዘንድ ያለው የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉ ነው፣ በእሱ አይቀበሉም። እኔም አሁን ምን እንደምትመስዪ አላውቅም።

ፎቶ ከሌለሽ አትቸገሪ። ከሽኩር ሱቅ አጠገብ ፎቶ ቤት ተከፍቷል። አብረን እንሄዳለን።

አባትሽ
አዛናው